የድርቅ ምላሻችንን በጋራ እናስገምግም ወይስ እያንዳንዳችን በየራሳችን?

የደሴዋ (ርዕሱን የከፈተች)
ሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ደቡብ ወሎ ውስጥ በሚንቀሳቀስ አንድ አገር በቀል ድርጅት፣ በክትትልና ግምገማ ክፍል ነው። ባለፈው የድርቅ ምላሽ በእኛ ወረዳዎች ስድስት ድርጅቶች ነበርን። ሁለቱ ስንዴ፣ ጥራጥሬና ዘይት ያከፋፍሉ ነበር፤ አንዱ በቦቴ ውኃ ያመላልስ ነበር፤ አንዱ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አልሚ ምግብ ያቀርብ ነበር፤ እኛና አንድ ሌላ ድርጅት ደግሞ ዘርና ጥሬ ገንዘብ ላይ ነበርን። አሁን ከትልልቆቹ አንዱ «በየፊናችን ከምናስገመግም አንድ የውጭ ቡድን ቀጥረን በጋራ እናስገምግም» የሚል ሐሳብ አምጥቷል። አንድ ቢጋር (የግምገማው ዓላማና ጥያቄዎች የሚጻፉበት ሰነድ)፣ አንድ ቡድን፣ አንድ ሪፖርት።

ኃላፊዬ ሐሳቡን አልወደደውም። አንደኛ፣ የትንሹ ድርጅት ሥራ በትልልቆቹ ጥላ ሥር ይዋጣል ይላል። ሁለተኛ፣ ጉድለት ሲገኝ ጣት የሚቀሰረው አቅም በሌለው ላይ ነው ባይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ስርጭቱ ካለቀ በኋላ ሦስት ድርጅቶች ተከታትለው አንድ ቀበሌ ገብተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፦ ስንት ኪሎ ደረሳችሁ፣ በወቅቱ ነው ወይ፣ ቅሬታ ሲኖራችሁ ለማን ትናገራላችሁ። እኛ ደግሞ አራተኛ ሆነን ስንሄድ አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች «ለመጀመሪያዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ ከእነሱ ውሰዱት» ብላ ጥላን ሄደች። ልክ ናት። የመለሰችው መልስ የት እንደገባ አንድም ሰው ተመልሶ አልነገራትም።

በጋራ ግምገማ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩን። እንግባ ወይስ ይቅርብን?

---

ነባር መስከኛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:35

እህቴ፣ ግቡ። ምክንያቴን ግን ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የጋራ ግምገማን ወጪ መቆጠቢያ አድርጎ ነው የሚያየው። ወጪ መቆጠቡን እንጃ፣ አንዳንዴም ይበዛል። ስድስት ድርጅት በአንድ ቢጋር ላይ እስኪስማማ ድረስ የሚሄደውን ስብሰባ ታውቂዋለሽ።

ትልቁ መነሻ ሩዋንዳ ነው። ከዘር ማጥፋቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1994፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ስደተኛ ጎማ ወደምትባለው የምሥራቅ ኮንጎ ከተማ ገባ። ኮሌራና ተቅማጥ ተነሣና በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። እርዳታ ድርጅቱ ግን ሞልቶ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ሥራ ብቻ ቢገመግም ኖሮ «ይህን ያህል ጉድጓድ ቆፈርን፣ ይህን ያህል ታካሚ አየን» የሚል ክምር ሪፖርት ይወጣ ነበር፤ ሃምሳ ሺው ሰው ለምን እንደሞተ ግን የሚናገር አይኖርም። ስለዚህ በዴንማርክ መንግሥት አነሳሽነት ለጋሾች፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ ቀይ መስቀልና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች አንድ ላይ ሆነው አስገመገሙ። ሪፖርቱ በ1996 ወጣ። ከዋና ዋና መልእክቶቹ አንዱ እርዳታ የፖለቲካ እርምጃን ቦታ ሊሞላ አይችልም የሚል ነው። ያን አንድ ድርጅት ብቻውን ቢጽፈው ኖሮ ሰበብ ፍለጋ ይባል ነበር።

ከዚያ የመጣውን ደግሞ እዩት። ዛሬ ሁላችንም እጅ ላይ ያለው የስፊር መመሪያ፣ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውኃ፣ ለስንት ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት የሚለው፣ ከሩዋንዳው ትምህርት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ ነው። የግምገማ ልምድ መለዋወጫ መረብ የሆነው አልናፕም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። አንድ የጋራ ግምገማ የሙያውን መልክ ቀየረ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስመጣ ደግሞ የ1995 ዓ.ም.ን ድርቅ (በእኛ አቆጣጠር) አስታውሳለሁ። የተረጂው ቁጥር 13.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት በአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን በኩል፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ ለጋሾችና ድርጅቶች በአንድ ኮሚቴ ሥር ሆነው ምላሹን አስገመገሙ፤ ሪፖርቱ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ወጣ። የጅምላ እልቂት ማስቀረት ተችሏል። ነገር ግን ምላሹ እህል ላይ ያዘነበለ ነበር፤ ውኃ፣ ጤና፣ ዘርና የከብት መኖ ተራ ሲደርሳቸው ገንዘቡ አልቋል። ሕዝቡ ነፍሱን ይዞ ወጣ፣ ጥሪቱን ግን አጣ። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቢመጣ በምን ይረስ? በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የጀመረው በዚያው በ1997 ዓ.ም. ነው። ግምገማው ብቻውን አመጣው አልልም፣ ክርክሩ ቀድሞም ነበር። ግን ሁሉም የፈረመበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲኖር ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

---

ቁጥር ወዳድ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ነባር መስከኛ ያለው ላይ የምጨምረው ከቴክኒኩ ወገን ነው።

ለብቻ የሚደረግ ግምገማ ፈጽሞ ሊያየው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እሱም በድርጅቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። በምሳሌ ላሳይ። ወርኃዊው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ቤተሰብ ያላት ሴት ሦስት ሰው ተብላ ተመዘገበች እንበል። 45 ኪሎ ይሰፈርላታል። በር ላይ ያልተመዘገበች ጎረቤት ትጠብቃለች፤ ለእሷም ታካፍላለች፣ ማካፈሏ ደግሞ ነውር አይደለም፣ አብረው ነው የሚኖሩት። ወሩ ሳይጋመስ እህሉ አለቀ። የሚቀጥለው ዙር ደግሞ በመጓጓዣ ምክንያት ሳምንታት ዘገየ።

አሁን ሦስት ድርጅቶች በየራሳቸው ሲገመገሙ የሚወጣውን እዩ። እህል አከፋፋዩ፦ «በዝርዝሩ ላይ ላሉት ተጠቃሚዎች በሙሉ ደርሷል»፤ እውነት ነው። አልሚ ምግብ የሚሰጠው፦ «ሕፃናት አገግመው ከወጡ በኋላ እየተመለሱ ነው፣ እናቶች ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል» ይልና ጥፋቱ እናቶች ላይ ያርፋል። ጥሬ ገንዘብ የሚሰጠው፦ «ገንዘቡ ለዘር ታስቦ ለምግብ ዋለ፣ ክትትል ይጠናከር» ይላል። ሦስቱም እውነት ጽፈዋል፤ ሦስቱም ስተዋል። እናትየዋ ለታመመው ልጅ የተሰጣትን አልሚ ምግብ ለአምስቱ ያካፈለችው፣ የዘሩንም ብር በሽሮ የጨረሰችው የእህሉ ዙር ስለዘገየ ነው። ይህ የሚታየው ሦስቱን መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቀኖቹን ጎን ለጎን ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

የደሴዋ፣ ስለዚህ ቢጋሩ ውስጥ አንድ ነገር አስገቡ፦ እያንዳንዱ ድርጅት የስርጭት ቀኑን በቀበሌ ዘርዝሮ ለገምጋሚዎቹ ይስጥ። ድምር ቁጥር አይበቃም። እሱ ከሌለ የጋራ ግምገማችሁ ስድስት ሪፖርት በአንድ ሽፋን ታስሮ ነው የሚወጣው።

---

ከሰቆጣ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:05

እኔ የወረዳ ባለሙያ ነኝ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለሁ። ሁላችሁም የምትሉት ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ዘንድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ገምጋሚ ሲመጣ መኪና ይቆማል፣ ሥራችንን ጥለን ስብሰባ እንቀመጣለን፣ የቡድን ውይይት የሚሆን ሰው ሰብስቡ እንባላለን። ቀበሌው ሊቀመንበር የሚያውቃቸውን ሰዎች ይጠራል። ከአስፋልት ርቆ ያለው ጎጥ አይጠራም። ሦስት ሰዓት ይወራል፣ ማስታወሻ ይያዛል፣ ይሄዳሉ። ሪፖርቱን አይቼው አላውቅም። ሲላክም በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንደምንም ላነበው እችላለሁ፣ ስለራሱ የተጻፈለት ገበሬ ግን በምን ያንብበው?

ሌላው ደግሞ የጋራ ሪፖርት ላይ የማልወደው ነገር አለ። «ምላሹ ዘግይቷል»፣ «ቅንጅት ላልቷል»፣ «የተጎጂዎች ተሳትፎ ይጎድለዋል» ይላል። ማን አዘገየው? የትኛው መጋዘን ላይ ነው የቆመው? ስም የለበትም። የሁሉም የሆነ ጥፋት የማንም አይሆንም። ለብቻ ቢገመገሙ ቢያንስ ተጠያቂ የሚሆን አካል በስሙ ይታወቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን፤ ጥፋትም እንዲሁ ነው፣ ለሃምሳ ሲካፈል ማንንም አይከብደውም።

---

ነባር መስከኛ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

ከሰቆጣ፣ ወንድሜ፣ የመጨረሻው ነጥብህ ከባድ ነው፤ መልስ አለው ብዬም በጣም እገፋበታለሁ።

አንደኛ፣ ከዋናው የጋራ ሪፖርት በተጨማሪ ለየድርጅቱ አጭር የራሱ አባሪ ይዘጋጅለት። እነ ኬር፣ ኦክስፋም፣ ሴቭ ዘ ችልድረንና ወርልድ ቪዥን ያሉበት የድንገተኛ አደጋ አቅም ግንባታ ፕሮጀክት በ2000ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) የጋራ ግምገማን በተለያዩ አገሮች ሲሞክር ከተገኙት ልምዶች አንዱ ይኸው ነው፦ የጋራው ሪፖርት የጋራውን ይናገር፣ የየግሉ ጉዳይ ደግሞ አይቅር። ትንሹ ድርጅት ይዋጣል ለሚለው ለኃላፊሽም ስጋት መልሱ ይኸው ነው፣ የደሴዋ።

ሁለተኛ፣ ምክረ ሐሳቡ ባለቤትና ቀነ ገደብ ይኑረው። በተባበሩት መንግሥታት በኩል ያለው ሥርዓት ይህንን ለማድረግ ይሞክራል። አንድ አደጋ ከባድ ሆኖ ድርጅቶቹ ሁሉ ምላሻቸውን በአንድነት እንዲያሰፉ ሲታወጅ የጋራ ግምገማው ግዴታ ነው፤ ኦቻ (የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ እርዳታ ማስተባበሪያ ቢሮ) የሚሰበስበው መሪ ቡድን ያስኬደዋል፤ ከዚያ በኋላ የአገሩ የሰብዓዊ እርዳታ ቡድን ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም፣ ከተቀበልኩ ማን መቼ ይሠራዋል የሚል የምላሽ ሰነድ ያዘጋጃል። ከሩዋንዳው በኋላም እንዲህ ዓይነት የክትትል መረብ ተቋቁሞ ምክረ ሐሳቦቹ ምን ላይ እንደደረሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሪፖርት አውጥቷል።

ለብቻ ቢገመገሙ ተጠያቂው ይታወቃል ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ለብቻ የሚሠራ ግምገማ የሚከፈለው በተገምጋሚው ነው፣ አስተያየት የሚሰጥበት ተገምጋሚው ነው፣ ይታተም አይታተም የሚወስነውም እሱ ነው። መጥፎው ምዕራፍ በረቂቁ ላይ ሲለዝብ አይቻለሁ። ስድስት ድርጅት አንድ ላይ ሲሆን አንዱ ማለዘብ ቢፈልግ ሌላው ዝም አይልም።

ከሕንድ ውቅያኖሱ ሱናሚ (የባሕር ማዕበል አደጋ) ግምገማ አንድ ቁጥር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26፣ 2004 ከደረሰው አደጋ በኋላ ከ40 በላይ ድርጅቶች ተጣምረው አስገመገሙና በ2006 ሪፖርቱ ወጣ። የዓለም አቀፉ ገንዘብ ቢያንስ 13.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለአንድ ተጎጂ ሲካፈል ከ7,100 ዶላር በላይ ይመጣል፤ በዚያው በ2004 ባንግላዴሽ ውስጥ በጎርፍ ለተጎዳ ሰው ግን 3 ዶላር ነው የደረሰው። ይህን ቁጥር የትኛው ነጠላ ድርጅት ነበር የሚያወጣው? ለማንም የራሱ ሥራ አይደለማ። በተጨማሪም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ያዳኑት በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎች እንደሆኑ፣ በኋላ የመጡት የውጭ ድርጅቶች ግን እነዚያኑ ሰዎች ገፍተው ሥራውን እንደያዙት ጽፏል። ይህን ያስጻፉት የውጭዎቹ ድርጅቶች ራሳቸው ናቸው። እኔ ለዚህ ሥራ ያለኝ ክብር ከዚያ ይመጣል።

---

ሐዋሳ ጤና
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:15

አጭር ጥያቄ አለኝ። መሪ ኮሚቴው ውስጥ መንግሥት አለ። ተረጂ የሚመርጠውም የቀበሌው ኮሚቴ ነው። ታዲያ ዝርዝሩ እንዴት እንደወጣ ገምጋሚው በነፃነት መጠየቅ ይችላል? በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ተራድኦና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ያለ ቦታው እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲያቆሙ ለወራት የተራበው ተረጂው ነው። ያን ችግር ቀድሞ ማየት የነበረበት ግምገማ አይደለም ወይ?

---

ከሰቆጣ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ብሆንም እመልሳለሁ። መንግሥት ከግምገማው ውጪ ከሆነ ውጤቱ የሚያድርበት ቤት ያጣል፤ ሴፍቲኔቱንም፣ መጋዘኑንም፣ የጤና ጣቢያውንም የያዘው እሱ ነው። መፍትሔው መንግሥትን ማስወጣት አይመስለኝም። ቃለ መጠይቁ ያለ ቀበሌ አመራርና ያለ እኛ ይደረግ። እኔን ለብቻዬ ጠይቁኝ፣ ሴቶቹን ለብቻቸው፣ ዝርዝር ውስጥ ያልገቡትን ደግሞ የግድ። ያልተመዘገበ ሰው ካልተጠየቀ ምዝገባው ልክ ነበር የሚለው መልስ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።

---

ቁጥር ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ያልተመዘገቡትን የግድ ያልከውን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ሽፋን የሚባለው መመዘኛ በሰብዓዊ እርዳታ ግምገማ ላይ የተጨመረው ለዚህ ነው፤ ማን ቀረ የሚለውን ለመጠየቅ።

የ2008 ዓ.ም.ን (በእኛ አቆጣጠር) የኤልኒኖ ድርቅ ልብ በሉ። 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልግ ነበር፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚው ከዚያ ውጪ ነው። በኋላ ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ያለውን ምላሽ የሸፈነ የጋራ ግምገማ ተሠርቶ በ2019 ወጣ። ሕይወት በማትረፉ ረገድ ውጤቱ ጥሩ ነበር፣ የመንግሥት መሪነትም ተመስክሮለታል። መተዳደሪያን መልሶ በማቋቋም በኩል ግን ደካማ ነበር። ያበሳጨኝ ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከተባለው ጋር መመሳሰሉ ነው፦ ነፍስ ተረፈ፣ ጥሪት አልተረፈም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሁላችንም ያደረስነውን እንጂ ያ ነገር በሰውየው ቤት ምን እንደለወጠ ስለማንመዘግብ ነው። ኩንታል ቆጥረን እንሄዳለን።

ስለዚህ የደሴዋ፣ ካልዘገየ መነሻ መረጃ ያዙ። ስንት ቤተሰብ በሬ ሸጠ፣ ስንቱ መሬቱን በእኩል አከራየ፣ ስንቱ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀረ። ይህን ለስድስታችሁም አንድ መጠይቅ አድርጉት። እናትየዋም አንዴ ብቻ ትመልሳለች።

---

ከዋሽንግተን
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

እዚህ በዕድርና በቤተ ክርስቲያን በኩል ገንዘብ አሰባስበን ለአገር ቤት ድርጅቶች እንልካለን። እነዚህን ሪፖርቶች እኛ ተራ ሰጪዎች ማየት እንችላለን?

---

ነባር መስከኛ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:10

የጠቀስናቸው ትልልቆቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ በአልናፕ የግምገማ መዝገብ ውስጥና በኦቻ ገጾች ላይ ይገኛሉ። ገንዘብ ስትልኩ ደግሞ «የመጨረሻ ግምገማችሁን ላኩልን፣ ከማን ጋር ሆናችሁ እንደሠራችሁም ንገሩን» በሉ። ከሰጪ የሚመጣ ጥያቄ ክብደት አለው፤ አትፈሩ።

---

የደሴዋ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9:00

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁትን አትሜ ለኃላፊዬ ሰጠሁት። ለየድርጅቱ አባሪ ይኑር የሚለው ላይ ፊቱ ፈታ አለ፤ እንገባለን ብሏል፣ በቅድመ ሁኔታ። ለሰኞው ስብሰባ የምንይዘው ይህን ነው፦ የስርጭት ቀናት በየቀበሌው ከሁሉም ይቅረብ፤ ከምዝገባ የቀሩ ሰዎች በናሙናው ውስጥ ይካተቱ፤ ቃለ መጠይቅ ያለ አመራር ይደረግ፤ ምክረ ሐሳቡ የሚሠራው ሰው የሥራ መደብና ቀን ይጻፍበት፤ ገምጋሚዎቹ ውላቸው ሳይዘጋ ወደ ቀበሌዎቹ ተመልሰው ግኝቱን በአማርኛ ለሕዝቡ ያቅርቡ፣ ለዚህም በጀት ይያዝ። የመጨረሻውን ትልልቆቹ ጊዜ የለም ብለው ሊቆርጡት እንደሚሞክሩ ይታየኛል። እሱን ካልተቀበሉ እኛ አንፈርምም ብዬ ለመናገር ፈቃድ አግኝቻለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ የመስክ ሥራው ኅዳር ውስጥ እንዲሆን ነው የታሰበው። ይሆናል?

---

ከሰቆጣ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

ኅዳር አጨዳ ነው፣ ከዚያም ውቂያው አለ። ቤት የምታገኙት አዛውንትና ሕፃን ብቻ ነው። የጥር መጀመሪያ ይሻላል፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ ሰውም ፋታ ያገኛል። በገበያ ቀን አትሂዱ። መልሶ ማቅረቡን ደግሞ የበልግ እርሻ ሳይጀመር ጨርሱት። የአማርኛውን ረቂቅ ቀድመሽ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጪ፤ የቀበሌ ባለሙያዎቹ አንብበው የአካባቢውን ስም፣ ልኬትና አጠራር ያርሙላችኋል።